ናቢሳ መቅደስ የገባች ዕለት

ማዳቪ ፈሪ ናት። ይህን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ እሷም አትክደውም። ሐኪም ቤት ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትልበት ድምፅ ይጠፋታል። አውቶቡስ የምትወርድበትን ቦታ ሲያልፍባት «አውርደኝ» ማለት ስለምታፍር እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። ሟች ባሏ «አንቺ እኮ ጥላሽ ቢገላምጥሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር።

ሙስሊሟ ጓደኛዋ ናቢሳ ሌላ ፍጥረት ናት። ድምፀ ጎርናና፣ ደልደል ያለች፣ ዓሣ ሻጩ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ጣቱን ይዛ «ይቺንም ልትመዝንልኝ ነው?» የምትል ሴት። ሁለቱ የሚኖሩት በደቡብ ሕንድ፣ በማላባር ባሕር ዳርቻ፣ ቼሩታራ በምትባል መንደር ነው፤ ከመንደሯ ጀርባ ካለው ሐይቅ ዳር በኮኮናት ቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። አንዷ ሴት መዘውሩን ታዞራለች፤ ሁለቱ ቃጫቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ክሩን በጣታቸው እየለቀቁ፣ ጎን ለጎን ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ማዳቪና ናቢሳ ከልጃገረድነት እስከ ሽበት እንዲህ ሲራመዱ ኖረዋል። እንዲያ የሚውሉ ሰዎች የሚደባበቁት ነገር አይኖራቸውም። የማዳቪን ባል ባሕር ያስቀረው ጊዜ፣ እህል አልቀምስም ብላ የተኛችውን ሴት በግድ ቀና አድርጋ ሩዝ ያጎረሰቻት ናቢሳ ናት። የማዳቪ አንድ ልጅ ሲንዱም ያደገችው በግማሹ በናቢሳ ጓዳ ነው።

የገመድ ሠሪዎቹ ማኅበር በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አውቶቡስ ተከራይቶ በባሕሩ ዳርቻ ያሉትን የጥንት መቅደሶች፣ መስጊዶችና የቅዱሳን መቃብሮች ይሳለማል። ሂንዱዋም ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አብራ ነው የምትሄደው። የራሷ ሲደርስ ትገባለች፤ የሌላዋ ሲደርስ ሻይ ትጠጣለች። ጉዞውን የምትመራው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ትሬሲያ ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ቆፍጣና፣ ቀልድ የማታውቅ።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ማረፊያ የፓዪካዳቩ መቅደስ ነበር። እናት አምላክ የምትመለክበት፣ ጣሪያው በመዳብ የተለበጠ፣ ከባሕሩ አሸዋ ላይ ቁጭ ያለ የድሮ መቅደስ ነው። ባለፈው በዓል የእናቲቱ ሠረገላ የተጎተተበትን ወፍራም ገመድ የቼሩታራ ሴቶች ነበሩ የገመዱት፤ ከእነሱም ውስጥ ከባዱን የገመደችው ናቢሳ ናት። ገመዱ በጭነት መኪና ተጭኖ ከሄደ በኋላ ግን ዓይኗ አላረፈበትም።

«ልጄን ድሬ ጎጆዋን ያላየሁ ነው የሚመስለኝ» አለች ናቢሳ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የሙዝ ጥብሷን እየቆረጠመች።

«ታዲያ ግቢና እይዋ» አለች ማዳቪ።

«በሩ ላይ ‹ሂንዱ ላልሆነ ክልክል ነው› ይላል። ነው ወይስ ዓይኔ አያነብም ብለሽ ነው?»

«ማን ያውቅሻል? ሻሽሽን ፈታ፣ ነጭ ልብስ ደረብ ብታደርጊ እኮ ከእኔ በላይ ሂንዱ ትመስያለሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ማዳቪም ደስ አላት። ሰው አስቃ አታውቅም። ያን ቀን ደግሞ ልቧ ከወትሮው ገዝፎ ነበር፤ ምክንያቱም ሲንዱን የዳረችው ለዚሁ ለፓዪካዳቩ ሰው ነው። ሠርጉ በመቅደሱ ውስጥ ስለነበር ናቢሳ አልተገኘችበትም። የልጇ አማት ወይዘሮ ሱባድራ በከተማው የተከበሩ ናቸው፤ ወንድማቸውም የመቅደሱ ኮሚቴ አባል ነው። ማዳቪ የዘመድ ደጅ የምትሄድ ያህል ተሰምቷት ነበር።

«ተይ» አለች ትሬሲያ ከፊት ወንበር ዞር ብላ። «ናቢሳ፣ አንቺ ከእኔ ጋር ሁኚ። ጫማቸውን እየጠበቅን ሻይ እንጠጣለን።»

«እኔ አምላካቸውን ልሰርቅ አይደለም እኮ። ገመዴን አይቼ ልውጣ።»

«አብሬሽ ነኝ» አለቻት ማዳቪ። «ምንም አትሆኚም።»

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ለብቻዋ እንደደገመችው እሷ ታውቃለች።

መቅደሱ ደጅ ሲደርሱ ማዳቪ የናቢሳን ሻሽ በገዛ እጇ ፈታች። የያዘችውን ትርፍ ነጭ ልብስ፣ ወርቃማ ጥለት ያለውን፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ከአበባ ሻጯ ዘንድ የሰንደል እንጨት ቅባት በጣቷ ነክታ፣ ሂንዱዎች እንደሚቀቡት፣ ግንባሯ ላይ ሰመር አደረገችላት። ናቢሳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቆመች። ትሬሲያ የሁሉንም ጫማ ሰብስባ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም።

ገመዱ ከሠረገላው ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሺህ ሰው እጅ ተጎትቶ ለስልሷል። ናቢሳ ጎንበስ ብላ መዳፏን ጫነችበት፤ ጣቷን በጉንጉኑ ውስጥ አስገብታ ፈተሸችው።

«አልላላም» አለች ቀስ ብላ። «አየሽ? አንዲት ክር አልወጣችም።»

ያኔ ቢወጡ ምንም አልነበረም። ነገር ግን ደወሉ ተደወለ፤ የእናቲቱ መጋረጃ ሊከፈት ነውና ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወደ ውስጠኛው ደጅ ተመመ። ሁለቱንም ይዟቸው ሄደ። በዚሁ መሐል «ማዳቪ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ሱባድራ ነበሩ፤ ሐር ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ ጃስሚን ሰክተው።

«ምነው መምጣትሽን ሳትነግሪኝ?» አሉ። «ቤት ገብተሽ ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም።»

«ከማኅበሩ ጋር ነው የመጣሁት፣ እትዬ። አስቸግርዎታለሁ ብዬ ነው።»

«ምን ችግር አለው፤ ዘመድ አይደለንም?»

ማዳቪ ናቢሳን አላስተዋወቀችም። እንዴት ብላ? ናቢሳም ገብቷት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት አለች። እዚያ ደረጃው ላይ ለእናቲቱ ስለት ኮኮናት ይሰበራል፤ ድንጋዩ በውኃው ርሷል። የናቢሳ እግር ሸርተት አለ፤ ልትወድቅ ስትል ግድግዳውን ያዘች። አፏም ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደውን አወጣ።

«ያ አላህ።»

ጮኻ አይደለም። ግን ሰዉ ለጸሎት ጸጥ ያለበት ሰዓት ነበር። አጠገቧ ያሉት ዞሩ፤ የመቅደሱ ዘብ በሰዉ መሐል እየጋፋ መጣ።

«ምን አልሽ አንቺ? ስምሽ ማነው?»

ናቢሳ ለመዋሸት እንኳ አልሞከረችም።

«ከማን ጋር ነው የገባሽው?»

ናቢሳ ቀና ብላ ማዳቪን አየቻት። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ አየቻት ብቻ። ዘቡ ዓይኗን ተከትሎ ወደ ማዳቪ ዞረ። ወይዘሮ ሱባድራም ዞሩ።

«ያንቺ ሰው ናት?» አለ ዘቡ።

«እኔ እንጃ» አለች ማዳቪ። «አላውቃትም።»

ቃሉ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። ሐኪም ቤት «አቤት» ለማለት የሚጠፋው ድምጿ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ናቢሳ ዓይኗን መለሰች። ዘቡ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ «አትንካኝ፤ ራሴ እሄዳለሁ» አለችውና ሄደች።

መጋረጃው ሳይከፈት ቀረ። መቅደሱ ረክሷልና እስኪነጻ ድረስ ሁሉም ይውጣ ተባለ። ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቁ የነበሩ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች እያጉረመረሙ ወጡ። ናቢሳን ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋታል፤ የሚያልፈው ሁሉ «የትኛዋ ናት?» እያለ ያያታል። ግንባሯ ላይ ያ የሰንደል ቅባት አለ። ሻሿ ማዳቪ ቦርሳ ውስጥ ስለነበር ፀጉሯን የምትሸፍንበት አጥታ በነጩ ልብስ ጫፍ ለመሸፈን ትታገላለች።

ወይዘሮ ሱባድራ በማዳቪ ጎን ሲያልፉ «እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም» አሉ።

ማዳቪም ራሷን ነቀነቀች። ከቃሉ ይልቅ በኋላ ያንገበገባት ይሄ ነው። ቃሉን ፍርሃት አስወጣው እንበል፤ አንገቷን ማን አስነቀነቃት?

ናቢሳን ያስለቀቀቻት ትሬሲያ ናት። ወሬውን ሰምታ፣ ሃያ ጥንድ ጫማ ከዛፍ ሥር ጥላ መጣችና ከደጁ ውጭ ቆማ ተጣራች። «እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ አልገባም። ያቺ ሴት ግን የእኔ ሰው ናት። ገመዳችሁን የሠራችው እሷ ናት። ስጡኝና ልሂድ።» ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ለቀቋት። ወይዘሮ ሱባድራ ያኔ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ማዳቪ ምሳውን በራስ ምታት አሳብባ ቀርታ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር፤ ናቢሳ ስትገባ አጠገቧ ያለውን ቦታ ለመልቀቅ ፈቀቅ አለች። ናቢሳ ግን ሳታያት አልፋ ከትሬሲያ ጋር ተቀመጠች።

ከዚያ የሄዱት ወደ ጥንቱ የእንጨት መስጊድ ነው። ሴቶች ከደጁ የመታጠቢያ ኩሬ አያልፉም። ናቢሳ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብላ ግንባሯን አጠበች፤ ደግማ አጠበች፤ ቅባቱ ከለቀቀ በኋላም አጠበች። ማዳቪ ሻሹን ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። «እንኪ» የምትለው ቃል ጠፋባት። በመጨረሻ ሻሹን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጣ እንደ ሌባ ተመለሰች።

ሲመሻሽ ከባሕሩ አፍ ላይ ወዳለው የአንድ ወሊ፣ የሙስሊም ቅዱስ፣ መቃብር ደረሱ። እዚያ ማንም ይገባል። ሴቶቹ ሁሉ ገቡ፤ ሂንዱዎቹም ክርስቲያኖቹም፤ ትሬሲያ እንኳ ጧፍ ገዝታ ገባች። ማዳቪ ብቻ ደጁ ላይ ቀረች። የመቃብሩ ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «ግቢ እንጂ ልጄ፤ ምን ያስቆምሻል?» አሏት።

«ራሴን አሞኝ ነው፣ አባባ።»

«እሱም ቢሆን የሚሻለው ውስጥ ነው» አሉና ትተዋት ሄዱ።

ናቢሳ በቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ይዛ ወጣች፤ ከበረከቱ ለሁሉም ማካፈል ልማድ ነው። ለአንዷም ለአንዷም ሰጠች። ማዳቪ ጋ ስትደርስ እንደሌሎቹ ሁሉ ቆንጥራ መዳፏ ላይ አኖረችላትና አለፈች። ብትዘላት ይሻላት ነበር። ማዳቪ ሩዙን አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

በማግስቱ ሥራ ገቡ። ናቢሳ እንደ ወትሮዋ ቃጫዋን ታጥቃ ከጎኗ ቆመች። «መዘውሩ ዘይት ይፈልጋል» አለች፤ «ዛሬ ደመና ነው» አለች። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ማዳቪ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ አልተሰደበችም። ይቅርታ ልበላት እያለች ታድራለች፤ ጠዋት ስታያት ምላሷ ይተሳሰራል። ሌሎቹ ሴቶችም ያዩትን አይተዋል፤ ማዳቪ ወደ ውኃው ቧንቧ ስትሄድ ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ በኋላ ማንንም ማሳቅ አልሞከረችም።

ወራት አለፉ። ሲንዱ የመጀመሪያዋን ልጅ አርግዛ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። እግሯ አብጦ ነበር። ናቢሳ አራስና ነፍሰ ጡር በማሸት እጇ የታወቀ ነው፤ ሲንዱ ራሷ አስጠራቻት። ሲንዱ የሆነውን አታውቅም። ናቢሳም ለልጅቷ ስትል ከሥራ መልስ እየመጣች፣ ዘይት አሙቃ፣ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሽላታለች። ማዳቪ ጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ይኸው ሲሆን፣ ወይዘሮ ሱባድራ ምራታቸውን ሊጠይቁ መጡ። ማዳቪ ስታያቸው ሻይ ላፍላ ብላ ጓዳ ገባች። ናቢሳም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ወዲያው አወቀቻቸው። እሳቸው ግን አላወቋትም። ያን ቀን ፀጉሯን ገልጣ በነጭ ልብስ ነበር ያዩዋት፤ አሁን ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ክንዷ ዘይት የጠጣ የመንደር ወጌሻ ናት።

«እጅዎ ይባረክ» አሏት ወይዘሮ ሱባድራ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ልጅቷ ፊቷ ተመልሷል። ፓዪካዳቩ እንዲህ የሚያሽ ሰው የለንም።»

«ልጄ ናት» አለች ናቢሳ። «እዚህ ቤት ነው ያደገችው፣ እኔም ቤት ነው ያደገችው።»

ሻይ ቀረበ። ተጫወቱ። ወይዘሮ ሱባድራ ስለ በዓሉ፣ ስለ አዲሱ ሠረገላ ሲያወሩ ቆዩና በዚያው ነገሩን አነሱት። «ባለፈው ዓመት ያቺን ሴት ትዝ ይልሻል ማዳቪ? ተሸፋፍና የገባችውን?» ወደ ናቢሳ ዞሩ። «አትቀየሙኝ፤ ከእናንተ ወገን ነበረች። ግንባሯን ተቀብታ፣ ሰው መስላ። ቢሮው ደጅ ላይ አስቀምጠዋት ፊቷን ብታዩ፣ ቅንጣት እፍረት የለባት። እርስዎን የመሰለ ጨዋ ሰው እያለ እንዲህ ያለችዋ ናት ሁላችሁንም የምታሰድበው።»

የናቢሳ እጅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ማሸቱን ቀጠለ።

«ሰው ብዙ ዓይነት ነው» አለች፣ ዓይኗን ከሲንዱ እግር ሳታነሳ።

ማዳቪ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ስንት ወር ሙሉ ያልወጣው ቃል ያን ጊዜ ወጣ።

«እሷ ነበረች፣ እትዬ።»

«ማን?»

«ናቢሳ። እዚህ ያለችው። ያን ዕለት የገባችው እሷ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሻሿን የፈታሁት፣ ግንባሯን የቀባሁት እኔ ነኝ። አላውቃትም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ወይዘሮ ሱባድራ ስኒውን እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ሲንዱ አንዴ እናቷን አንዴ ናቢሳን አየች። «እማዬ፣ ምንድነው የምትዪው?» አለች። ወይዘሮ ሱባድራ «እኔ እኮ... አላወቅሁም» አሉ፤ ተነሥተው፣ ጃንጥላቸውን ረስተው ወጡ።

ናቢሳ የሲንዱን እግር ቀስ አድርጋ ትራስ ላይ አሳረፈች። እጇን በጨርቅ ጠረገች። ወደ ጓሮ ወጣች። ማዳቪ ተከተለቻት፤ አሁንስ ትታቀፈኛለች የሚል ተስፋ በልቧ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ናቢሳ።

«ናቢሳ፣ እኔ—»

«አላወቀችኝም እኮ። አላየሽም? እጅዎ ይባረክ ብላኛለች። እንደ ሰው ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የምትለውን ብትል ስለ ሌላ ሴት ነው የምታወራው፤ እችለው ነበር። አንቺ ግን ሻሼን ደግመሽ ፈታሽው። ልጄ ፊት።»

«እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።»

«እውነቱን የፈለግሁት ደረጃው ላይ ነበር። ዛሬ የፈለግሽው አንቺ ነሽ፤ እንቅልፍ እንዲወስድሽ።» ድምጿ አልጮኸም፤ ጎርናናው ድምጿ ደከም ብሎ ነበር። «እኔ እኮ ፈሪ መሆንሽን አውቃለሁ። ዘቡ ሲጠይቅሽ ምን እንደምትዪ ገና ሳትዪው አውቄዋለሁ። ያ አይደለም የገደለኝ። ራስሽን ስትነቀንቂ አየሁሽ።»

ማዳቪ ያንን ማንም አላየኝም ብላ ነበር የምታስበው። ናቢሳ የዘይት ጠርሙሷን አንሥታ በኮኮናቶቹ መሐል ሄደች፤ ማዳቪም ጓሮው ውስጥ አንገቷን ደፍታ ቀረች። የሠራችውን በሌላ ሥራ አርማለሁ ስትል ጭራሽ ሁለት አደረገችው።

ናቢሳ ከዚያ ወዲያ ለማሸት አልመጣችም፤ ሲንዱ እናቷን አኮረፈች። ማዳቪ በሥራ ቦታ ከናቢሳ ጎን ትቆማለች፤ ከመዘውሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። አንድ ቀን፣ ገመዱን ሲጠቀልሉ፣ ማዳቪ «ልክ ነሽ» አለቻት። «ለራሴ ብዬ ነው የተናገርኩት። ያን ዕለትም ለራሴ ብዬ ነው አላውቃትም ያልኩት።» ናቢሳ ገመዱን አሰረች። «እሺ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ አታናግሪኝም አላለችም። ማዳቪም ሌላ አልጠየቀችም።

ሲንዱ ሴት ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሱባድራ መጡ፤ ግን መጀመሪያ የሄዱት ወደ ማዳቪ ቤት አልነበረም። ጥያቄ ጠይቀው፣ መንገድ ተሳስተው፣ በጭቃው ውስጥ ሐራቸውን ሰብስበው የናቢሳን ቤት አገኙት። እዚያ ምን እንዳሉ የሰማ የለም። ሲመለሱ ግን ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ወይዘሮ ሱባድራ የናቢሳን ዘይትና ቅጠላ ቅጠል ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ።

«አራሷ በማን እጅ ትታጠብ?» አሉ ለማዳቪ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «እንዲያው ለምኜ ነው ያመጣኋቸው።»

ናቢሳ ወደ ውስጥ ገባች። ሕፃኗን ተቀብላ እግሯ ላይ አጋደመቻት፤ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ጭንቅላቷን ታበጃጅ ጀመር። ወይዘሮ ሱባድራ አጠገቧ በርከክ አሉ። «አፍንጫዋን ሳብ ሳብ ያድርጉልኝ፤ የእኛ ቤት አፍንጫ ድፍጥጥ ነው» አሉ። ናቢሳ «አፍንጫ በዘይት ቢወጣ የእኔ እዚህ ባልቀረ» አለች። ሲንዱ ሳቀች፤ ሦስቱም ሳቁ።

ማዳቪ ጓዳ ውስጥ ቅጠሉን የምታፈላበትን እሳት ትቆሰቁሳለች። ሳቁን ሰማች። ማንም አልጠራትም። ውኃው ሲፈላ ድስቱን በጨርቅ ይዛ እስከ በሩ ወሰደችው፤ ደፉ ላይ አስቀመጠችና ወደ እሳቱ ተመለሰች።